ለትምህርት ቤቶች የጥያቄና መልስ ውድድር ጥያቄ ማውጣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ለክፍል፣ ለክበብ ወይም በትምህርት ቤቶች መካከል ለሚደረግ ውድድር ጥያቄ ከሚያዘጋጁ መምህራንና በጎ ፈቃደኞች በየጊዜው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ቅደም ተከተላቸው የግድ አይደለም፤ የቸገረዎትን መርጠው ያንብቡ።

ከባድ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው?

አይደለም። ጥሩ ጥያቄ ትምህርቱን አብልጦ ያወቀው ልጅ ነጥቡን የሚወስድበት ነው። ማንም ያልመለሰው ጥያቄ ማንንም ከማንም አልለየም፤ ሁሉም የመለሰውም እንደዚያው። ጥያቄ አውጪው ማንበቡን ለማሳየት ብቻ የሚያስገባቸው ጥያቄዎች አሉ። አዳራሹ ጸጥ ይላል፣ ሰዓቱ ያልቃል፣ አንባቢው መልሱን ይናገራል፣ ተማሪዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ያ ጊዜ ለሌላ ጥያቄ ይሆን ነበር።

በእኔ ግምት ከ10 ጥያቄ 7ቱን ወይም 8ቱን ከቡድኖቹ አንዱ መመለስ ከቻለ ልኩ ተገኝቷል። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ከተወዳዳሪዎቹ ጋር የማይገናኙ፣ በተመሳሳይ ክፍል ያሉ ጥቂት ተማሪዎችን አስቀምጦ መሞከር ነው። መምህር ለመምህር ቢሞካከር ዋጋ የለውም፤ ለእኛ የቀለለን ሁሉ ለልጆቹ አይቀልም።

አንድን መልስ ለማረጋገጥ ስንት ምንጭ ማየት አለብኝ?

ቢያንስ ሁለት፤ ግን ሁለቱ አንዱ ከሌላው የቀዱ መሆን የለባቸውም። አንድ ዓረፍተ ነገር ከነስሕተቱ በአምስት ድረ ገጾች ላይ ቃል በቃል ካገኙት ያገኙት አንድ ምንጭ ነው። ከሁለቱ አንዱ መማሪያ መጽሐፉ ቢሆን ይመረጣል፤ ተወዳዳሪው ያጠናው እሱን ነውና። ምንጩን ከነገጹ ከጥያቄው ሥር ይጻፉት። ቅሬታ ሲነሳ ዳኛው መጽሐፍ ፍለጋ ወደ ቤተ መጻሕፍት ከመሮጥ ይድናል።

“የመጀመሪያው”፣ “ትልቁ”፣ “ብቸኛው” የሚሉ ጥያቄዎች ለምን አደገኛ ይባላሉ?

ሲሰሙ እውነት ስለሚመስሉ ማንም አያጣራቸውም። በየአዳራሹ የምትቀርብ አንዲት ጥያቄ አለች፦ “የኦሎምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ማነው?” የተጻፈው መልስ አበበ ቢቂላ ነው። አበበ በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ያሸነፈው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ደቡብ አፍሪካን ወክሎ የሮጠው ኬን ማክአርተር ግን ያንኑ ማራቶን በ1912 ስቶክሆልም ላይ አሸንፏል። ግብፃዊው ክብደት አንሺ ሰይድ ኖሴርም በ1928 አምስተርዳም ላይ ወርቅ ወስዷል። ይህን የሚያውቅ ልጅ ትክክለኛውን መልስ ሰጥቶ ዜሮ ያገኛል። በዚህ ጨዋታ ከዚህ የከፋ በደል የለም።

ጥያቄው የሚስተካከለው አንድ ቃል በመጨመር ነው፦ “የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ”። ደራርቱ ቱሉም እንዲሁ። በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆናለች እንጂ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት አይደለችም፤ ከደቡብ አፍሪካም ከሞሮኮም የቀደሟት አሉ።

ድንቅነሽም የዚሁ ሰለባ ናት። “በኢትዮጵያ የተገኘች ከሁሉ የቀደመች የሰው ዘር ቅሪት” ብለው ከጠየቁ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያላት ድንቅነሽ መልስ ልትሆን አትችልም። ከዲኪካ የተገኘችው ሰላም 3.3 ሚሊዮን፣ አርዲ ደግሞ 4.4 ሚሊዮን ዓመት አላቸው። ይልቅ “እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው” ቢሉ ጥያቄው ይቀልላል፣ ክርክሩም ይቀራል።

መማሪያ መጽሐፉ አንድ ቁጥር፣ ሌላው ምንጭ ሌላ ቁጥር ቢሰጥስ?

የራስ ዳሸን ከፍታ በቆዩት መጻሕፍት 4,620 ሜትር ነው። በኋላ የወጡት 4,533 ይላሉ። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ለአንደኛው ቡድን መፍረድ ነው። ሁለት መንገድ አለ፦ ሁለቱንም መቀበል ወይም ቁጥሩን ትቶ ተራራውን መጠየቅ። ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የከፍታን አኀዝ በቃል መያዝ ከጂኦግራፊ ዕውቀት የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ተራራው የት እንዳለ፣ ለምን እንደዚያ እንደተቦረቦረ ማወቅ ይበልጣል።

ሌላው ሁኔታው ሳይነገር የሚጠየቅ ቁጥር ነው። “ንጹሕ ውኃ በስንት ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል?” መልሱ 100 የሚሆነው በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጀበና ተጥዶ ቴርሞሜትር ቢገባበት 92 አካባቢ ያሳያል። በቤተ ሙከራ የሞከረ ተማሪ 92 ቢል ምን ሊሉት ነው? “በባሕር ጠለል ከፍታ” የምትለዋን ሐረግ ይጨምሩ።

ዓመት ስጠይቅ በየትኛው አቆጣጠር ልጠይቅ?

በፈለጉት፤ ጥያቄው ውስጥ ግን ይነገር። “መቼ?” ብሎ ዝም ማለት አይበቃም። የአገር ውስጥ ታሪክ በዓመተ ምሕረት፣ የዓለም ታሪክና ሳይንስ እ.ኤ.አ. ቢጠየቅ ከመማሪያ መጻሕፍቱ ልማድ ጋር ይሄዳል። ተማሪው በሌላኛው አቆጣጠር መልሶ ልክ ከሆነ መቀበል ወይም አለመቀበል የደንብ ጉዳይ ነውና ከውድድሩ በፊት ይታወጅ።

ከአንዱ ወደ ሌላው ራስዎ ሲቀይሩ ግን ይጠንቀቁ። ልዩነቱ ሁልጊዜ 8 አይደለም፤ ከመስከረም 1 አንሥቶ የፈረንጆቹ ዲሴምበር እስኪያልቅ 7 ነው። ድንቅነሽ የተገኘችው ኖቬምበር 24 ቀን 1974 ስለሆነ በእኛ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። 8 ቀንሶ 1966 ብሎ የጻፈ ጥያቄ አውጪ ትክክል የመለሰውን ልጅ ሊጥል ነው።

ቀን ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896። ዛሬ በዓሉ የሚከበርበት የካቲት 23 ግን ማርች 2 ላይ ይውላል። ስሕተት አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፣ የሚዘለል የለም፤ በጎርጎርዮሱ ግን 1900 ላይ ፌብሯሪ 29 አልነበረም። በዚያ ምክንያት የሁለቱ ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ። ስለዚህ ከ1900 በፊት ለነበረ ክስተት የስልክ መተግበሪያ የሰጠዎትን ቀን ከታሪክ መጽሐፍ ጋር ሳያመሳክሩ አይጻፉ። ወይም ወርና ዓመት ብቻ ይጠይቁ፤ ምንም አይጎድልም።

በየጊዜው የሚለዋወጡ ነገሮችን መጠየቅ ይቻላል?

ይቻላል፣ ቀን ከተቆረጠላቸው። የኢትዮጵያ ክልሎች ለብዙ ዓመት 9 ነበሩ፤ ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ሲጨመሩ 11 ሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ደቡብ ለሁለት ተከፍሎ 12። ታላቅ ወንድሙ ባጠናበት ደብተር የሚያጠና ልጅ 9 ቢል የሚገርም አይደለም። በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የኢትዮጵያ ቦታዎችም 9 ሆነው ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2023 ጌዴኦና ባሌ፣ በ2024 መልካ ቁንጡሬ ተጨምረውባቸዋል። የሳተርን ጨረቃዎች ይባስ፦ በ2023 146 የነበሩት በ2025 274 ደረሱ። ይህን በቁጥር መጠየቅ ተማሪው የትኛውን ዓመት መጽሐፍ እንደገዛ መጠየቅ ነው። የሕዝብ ብዛትን ጨርሶ ይተዉት፤ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው።

የመልስ ወረቀቱ ላይ ከመልሱ ሌላ ምን ይጻፋል?

ብዙ ሰው ችላ የሚለው፣ ግን ጠቡ ሁሉ የሚነሳበት ቦታ ይህ ነው። ጥያቄውን ለመጻፍ አምስት ደቂቃ ከወሰደብዎት ለመልሱ አሥር ይስጡት። ዳኛው አዳራሽ ውስጥ፣ ተመልካች እየጮኸ፣ “ይህን ልቀበል ወይስ አልቀበል?” ብሎ ማሰብ የለበትም። ሊመጡ የሚችሉትን መልሶች አስቀድመው አስበው ይጻፉለት።

በተለይ የነገሥታት ስም። ጥያቄው መቅደላ ላይ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ራሱን ስላጠፋው ንጉሥ ነው እንበል፦

መልስ፦ ዳግማዊ ቴዎድሮስ።
ተቀበሉ፦ ቴዎድሮስ፣ ካሣ ኃይሉ፣ አባ ታጠቅ።
ይብራራ በሉ፦ “ካሣ” ብቻ ከተባለ።
አትቀበሉ፦ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው።

“ካሣ” ብቻውን የማይበቃው አራተኛው ዮሐንስም ከመንገሣቸው በፊት ካሣ ስለነበሩ ነው። አባ በዝብዝ የእሳቸው፣ አባ ዳኘው የዳግማዊ ምኒልክ የፈረስ ስም ነው። “ይብራራ” ማለት ትክክልም ስሕተትም አልተባለም፣ ተማሪው አንድ ጊዜ ይጨምርበት ማለት ነው። ይህን ዕድል ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው መከልከል አድልዎ ስለሚሆን በወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ ለዳኛው ስሜት አይተው።

ለሰው ስም ጠቅላላ ደንብ ያስፈልጋል። ለኢትዮጵያዊ የራስ ስም ብቻ አይበቃም፣ የአባት ስም ይጨመር፤ “አበበ” ያለ ልጅ አበበ ቢቂላን ይሁን አበበ አረጋይን ማን ያውቃል? ለአይንስታይን ወይም ለኒውተን ግን የመጨረሻ ስሙ ይበቃል።

ከዚህ ሌላ ሁለት ትክክለኛ መልስ ያላቸው ጥያቄዎች አሉ። “ዓባይ ከየት ይመነጫል?” ጣና የሚልም አለ፣ ሰከላ ግሽ ዓባይ የሚልም አለ፤ ሁለቱም መጽሐፍ ይጠቅሳሉ። “የአማርኛ ፊደል ስንት ነው?” 33 ያለ፣ በሰባት አባዝቶ 231 ያለ፣ “ቨ”ን ጨምሮ 34 ያለ፣ ዲቃሎቹን ጨምሮ ሌላ ያለ ሁሉ ክርክር ያነሳል። እንዲህ ያለውን ወይ ይጣሉት ወይ እንዲህ ያጥብቡት፦ “33ቱ መደበኛ ፊደላት በሰባቱ ድምፆቻቸው ሲቆጠሩ ስንት ይሆናሉ?”

ቡድኖቹ ቁጥር እየመረጡ ጥያቄ እንዲወጣላቸው ማድረግ ፍትሐዊ ነው?

የለመድነው ነው፤ ፍትሐዊ መሆኑ ግን ያጠራጥራል። አንዱ “ቁጥር 7” ብሎ የፈረንሳይ ዋና ከተማ ይደርሰዋል፣ ቀጣዩ “ቁጥር 8” ብሎ የኬሚካል እኩልታ ማመጣጠን። ዕጣው ዳኝነት የሌለበት ይመስላል፣ ነገር ግን ውጤቱን የወሰነው ዕጣው ነው።

ቁጥር ማስመረጡን መተው ካልተቻለ ጥያቄዎቹን በዙር ይለያዩ። አራት ቡድን ካለ በእያንዳንዱ ዙር ከአንድ ትምህርት፣ ከአንድ ምዕራፍ፣ በአንድ ክብደት አራት ጥያቄ ይኑር፤ ቁጥሩ የሚመረጠው ከእነዚያ አራት መካከል ብቻ ነው። ይህም ቀላል አይደለም። ስለ ሰውነት ክፍሎች ሥራ አራት ጥያቄ ላውጣ ብለው ቆሽት፣ ጉበት፣ ጣፊያና ኩላሊት ቢያደርጉ ኩላሊት የደረሰው ቡድን ዕድለኛ ነው፣ ጣፊያ የደረሰው ያዝናል። አራቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ “የትኛውን ብትመርጡ ትወዳላችሁ?” ብሎ ሰው መጠየቅ ነው፤ ሁሉም አንዱን ከመረጠ ያ ጥያቄ ይቀየር።

አንዱ ቡድን ያልመለሰውን ለቀጣዩ ማስተላለፍስ?

የተላለፈለት ቡድን የመጀመሪያው ሲያስብ አብሮ አስቧል፣ አንድ የተሳሳተ መልስም ተሰርዞለታል። አራት ምርጫ ከነበረ ሦስት ቀረው። እውነት ወይም ሐሰት ከነበረማ ነጥቡ በነፃ ተሰጠው፤ “እውነት” ስሕተት ከተባለ “ሐሰት” ለማለት ዕውቀት አያስፈልግም። ስለዚህ እውነት ወይም ሐሰት በፍጹም አይተላለፍ።

ብዙ ጊዜ የማይታየው ደግሞ የመቀመጫ ነገር ነው። ማስተላለፉ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ከሆነ ከደካማው ቡድን ቀኝ የተቀመጠው ሲለቅም ይውላል። በየዙሩ አቅጣጫ መቀያየር፣ ለተላለፈ ጥያቄ ግማሽ ነጥብ መስጠት ይህን ያለዝበዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት ጥያቄ ሰምቶ መልሱን ትንሽ ሰሌዳ ወይም ወረቀት ላይ ጽፎ እኩል እንዲያነሳ ማድረግ ነው። ዕጣም፣ ማስተላለፍም፣ የመቀመጫ ጥቅምም አይኖርም። ተመልካቹ ጭብጨባው ይቀንስበት ይሆናል። ይቀንስበት።

ምርጫ ያለው ጥያቄ ሲጻፍ ምን ያጋልጣል?

አማርኛ ራሱ ያጋልጣል። “እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ያሸነፈችው ማን ናት?” ብለው ኃይሌ ገብረ ሥላሴን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ምሩጽ ይፍጠርንና ደራርቱ ቱሉን ቢደረድሩ አትሌቲክስ አይቶ የማያውቅም ይመልሳል። “ማን ናቸው?” ካሉ አንቱ የሚባል ሰው፣ “የትኞቹ ናቸው?” ካሉ ከአንድ በላይ መሆኑን ነግረዋል። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ጥያቄ ሲመለስ ይህ አይታወቅም፤ ግሡ አማርኛ ሲሆን ነው ጾታው የሚወጣው። መፍትሔው ምርጫዎቹን ማመሳሰል ነው፦ ደራርቱ፣ ጌጤ ዋሚ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፣ መሠረት ደፋር።

የቀረው የታወቀ ነው። ትክክለኛው መልስ ከሌሎቹ የረዘመ አይሁን፣ ሁልጊዜ “ሐ” ላይ አይቀመጥ፣ “ሁሉም” የሚለው ሲገባ መልሱ እሱ ብቻ አይሁን። ለሳቅ የሚገባ አራተኛ ምርጫም አያስፈልግም፤ አራት ነው ተብሎ ሦስት ምርጫ ማቅረብ ነው።

ለደወል ጥያቄ የተለየ አጻጻፍ አለው?

አለው፤ ቀድሞ የደወለ ስለሚመልስ። በአማርኛ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ያስፈልጋል። በእኛ ቋንቋ ማሰሪያው መጨረሻ ነው፤ መጠየቂያው ቃልም ወደ መጨረሻው ይመጣል። “ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባን የቆረቆሩት…” ሲባል ሰምቶ የደወለው ልጅ ዓመቱን ይናገራል። ጥያቄው ግን “…ከየትኛው ተራራ ወርደው ነው?” ነበር። ልጁ አላጠፋም፣ የተጠየቀው ምን እንደሆነ አልተነገረውም።

የአሜሪካ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች በሚጫወቱት ኩዊዝ ቦውል የሚሠሩበት ዘዴ እዚህም ይሠራል። የሚጠየቀው ነገር ዓይነት “ይህ ሐይቅ”፣ “ይህ ንጉሥ”፣ “ይህ ንጥረ ነገር” እየተባለ ከመጀመሪያው ሐረግ ይነገራል። ከዚያ ፍንጮቹ ከከባዱ ወደ ቀላሉ ይወርዳሉ። በጥልቀት ያወቀ ቀድሞ ይደውላል፣ ጥቂት ያወቀ መጨረሻውን ይጠብቃል፤ ጣቱ የፈጠነው ብቻ አይደለም የሚያሸንፈው። ለምሳሌ፦

“በዚህ ሐይቅ ብቻ የሚገኙ፣ እርስ በርስ የሚዛመዱ ከ10 በላይ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ውኃው በዋሻ እየተወሰደ በበለስ በኩል ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የዓፄ ፋሲል አፅም ያረፈበት ዳጋ እስጢፋኖስ ከደሴቶቹ በአንዱ ላይ ነው። ባሕር ዳር ከተማ በደቡብ ዳርቻው የምትገኘው፣ በስፋቱ ከኢትዮጵያ ሐይቆች አንደኛ የሆነው ይህ ሐይቅ ማን ይባላል?”

እያንዳንዱ ፍንጭ፣ የመጀመሪያው ጭምር፣ ለጣና ብቻ የሚሆን መሆን አለበት። “ገዳማት ያሉበት ይህ ሐይቅ” ብለው ቢጀምሩ ዝዋይ ብሎ የደወለውን ልጅ በምን ይጥሉታል? ጥያቄውን ጽፈው ሲጨርሱ ከላይ ጀምረው በየነጥቡ እያቆሙ “እስከዚህ ድረስ ሌላ መልስ ይኖራል?” ብለው ይፈትሹት።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ጮክ ብለው ያንብቡት። ወረቀት ላይ የሚያምር፣ በጆሮ ሲገባ ግን የሚጠላለፍ ዓረፍተ ነገር ብዙ ነው። “ያልሆነው የቱ ነው?” የሚል አሉታዊ ጥያቄ ደግሞ በቃል ለሚነበብ ውድድር አይሆንም፤ “ያል” የምትለው ድምፅ በጫጫታ ትዋጣለች።

የስሌት ጥያቄ ስንት ሰከንድ ይሰጠው?

አውጪው ራሱ ከሠራበት ጊዜ በሦስት እጥፍ። የስበት ሽምጠጣን (g) 10 ወይም 9.8 ብለው እንዲወስዱ በጥያቄው ይነገር፣ ፓይም 3.14 ይሁን 22 ሲካፈል ለ7። መለኪያው ካልተጠራ መልሱ ይቀነስ አይቀነስም ቀድሞ ይታወቅ።

በአማርኛ የተጠየቀውን በእንግሊዝኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ቢመልስ?

ዳኛው ከተረዳው ይቀበል። ልጆቹ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንስን በእንግሊዝኛ ነው የሚማሩት። “ብርሃን አስተፃምሮ” ያለውም “ፎቶሲንተሲስ” ያለውም ያወቀው አንድ ነገር ነው። ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር ልጅ የአንድን ዕፅ ስም በለመደው ቢጠራውም እንዲሁ። በጽሑፍ በሚመለስ ውድድር “ሀ” እና “ሐ”፣ “ሰ” እና “ሠ”፣ “አ” እና “ዐ”፣ “ጸ” እና “ፀ” ነጥብ አያስቀንሱ፤ ውድድሩ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ካልሆነ በቀር።

ስለ ሃይማኖትና ፖለቲካ መጠየቅ ይፈቀዳል?

ታሪክ ከሆነ ይፈቀዳል። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ወደ አክሱም መሰደዳቸው፣ የላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ብዛት የሁሉም ተማሪ ታሪክ ነው። የአንዱን እምነት ሥርዓት ዝርዝር፣ ለምሳሌ የአጽዋማትን ስም፣ መጠየቅ ግን ቤቱ ለተማረው ልጅ ነጥብ መስጠት ነው። ከገባም ሚዛኑ ይጠበቅ፦ ስለ ጥምቀት አንድ ከተጠየቀ ስለ ሒጅራ አንድ።

ገና በየቤቱ የሚያከራክር የቅርብ ጊዜ ጉዳይ ለውድድር አይሆንም። መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳ ግማሹ አዳራሽ መልሱን ሳይሆን ጠያቂውን ነው የሚመዝነው።

ከዚህ ያልተናነሰው የከተማ አድልዎ ነው። ስለ ቀላል ባቡር መሥመር ወይም ስለ አዲስ አበባ አደባባዮች የሚጠይቅ አውጪ ከወረዳ የመጣውን ቡድን እንዴት እንደሚጎዳው አይታወቀውም። ጥያቄዎቹን ደርድረው ስንቱ ስለ ዋና ከተማው እንደሆነ ይቁጠሩ።

ቻትጂፒቲን በመሰሉ መሣሪያዎች ጥያቄ ማውጣት ይቻላል?

ለመነሻ ሐሳብ ይሆናል፤ ለማረጋገጫ አይሆንም። ስለ ኢትዮጵያ ሲጠየቁ የሌለ ነገር በእርግጠኝነት መጻፋቸው፣ ዓመተ ምሕረትንና እ.ኤ.አ.ን ማደባለቃቸው የታወቀ ነው። ሌላም አለ፦ ተወዳዳሪው ማታ ያንኑ መሣሪያ “የውድድር ጥያቄ ስጠኝ” ብሎ ቢጠይቀው ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰል ዝርዝር ሊያገኝ ይችላል።

ጥያቄዎቹ እንዳይወጡ ምን ይደረግ?

ተማሪዎቹ የሚወዳደሩለት መምህር ጥያቄ አያውጣ፣ አይተይብ፣ አያባዛ። ሌላው ጥንቃቄ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ ቴሌቪዥን “ትዌንቲ ዋን” የተባለው ውድድር ኮከብ የነበረው ቻርልስ ቫን ዶረን መልሱ አስቀድሞ ይሰጠው እንደነበር በ1959 በኮንግረስ ፊት አምኗል፤ በቀጣዩ ዓመት እንዲህ ያለውን ማጭበርበር የሚከለክል ሕግ ወጣ። በ2013 ደግሞ የኩዊዝ ቦውል አዘጋጁ ናሽናል አካዳሚክ ኩዊዝ ቱርናመንትስ ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አራት ዋንጫዎችን ሰርዟል። ከተጫዋቾቹ አንዱ ለዚያው ድርጅት ጥያቄ ይጽፍ ስለነበር ማየት የማይገባውን የድረ ገጽ ክፍል ከፍቶ ተገኘ። ተጠቀመበትም አልተጠቀመበትም፣ ማየት የሚችልበት ቦታ መሆኑ በቂ ሆነ።

በእኛ ደረጃ የሚያስፈልገው የታሸገ ፖስታና የሚከፈትበት ሰዓት ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት የተረሳ አንድ ገጽ፣ የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ የቀረ ፋይል፣ በቴሌግራም “ለአንተ ብቻ” ተብሎ የተላከ ምስል፤ አብዛኛው የሚወጣው በእነዚህ ነው።

ቅሬታ ሲነሳ ጥያቄው ስሕተት ሆኖ ቢገኝስ?

ጥያቄው ይሰረዝና መጠባበቂያ ጥያቄ ይነበብ። ከመለሰው ቡድን ነጥብ ወስዶ ለሌላው መስጠት ሁለተኛ ጠብ ይወልዳል፤ የሚደረገው የተሰጠው መልስ ትክክል ሆኖ በዳኛው ስሕተት ከተጣለ ብቻ ነው። ቅሬታ ከቡድኑ ተጠሪ ብቻ፣ ዙሩ ሳያልቅ ይቅረብ። ከተመልካች መሀል የሚጮህ መምህር ወይም ወላጅ አይደመጥ፣ ትክክል ቢሆንም። የሚወስኑት ዳኞች ሦስት ይሁኑ፣ ጥያቄውን ያወጣው ሰው ከሦስቱ አንዱ አይሁን።

በውጭ አገር ላሉ ልጆች ስናዘጋጅ የሚለወጥ ነገር አለ?

በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በሌሎች ከተሞች በኮሙኒቲና በሰንበት ትምህርት ቤት የሚዘጋጁ ውድድሮች ላይ አማርኛ የሚሰሙ፣ ግን ፊደል የማያነቡ ልጆች አሉ። ለእነሱ በጽሑፍ የሚመለስ ዙር አያስገቡ ወይም ለሁሉም በቃል ያድርጉት። ሰዓትም ያሳስታል፤ “ከቀኑ 6 ሰዓት” ሲባል ምሽት የሚመስለው ልጅ ብዙ ነው።

በአጠቃላይ ስንት ጥያቄ ላዘጋጅ?

አራት ቡድን፣ ስድስት ዙር ከሆነ 24 ነው። ለተሰረዙት በየትምህርቱ ሁለት ሁለት፣ ለእኩል ነጥብ መለያ ደግሞ ቢያንስ አምስት ይጨምሩ። መለያዎቹ ከሁሉም ይበልጥ የተጣሩ ይሁኑ፤ ዋንጫው የሚሰጠው በእነሱ ነው፤ ብዙ አዘጋጆች ግን በመጨረሻዋ ሌሊት ይጽፏቸዋል።